ሰይድ ሥራ የጀመረ ዕለት

ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ካምፕ ሰፈር የሚባል መንደር አለ። ባቡር የሠራው መንደር ነው፤ ባቡር ግን አይቶ አያውቅም። መጀመሪያ የሐዲዱ ሠራተኞች ካምፕ ተተከለ፣ ከካምፑ ኋላ ሻይ ቤት መጣ፣ ከሻይ ቤቱ ኋላ አልጋ ቤት፣ ከዚያ ትዳርና ልጅ ተከተለ። ሥራው ቆሞ ኩባንያው ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ መንደሩ እዚያው ቀረ። የቤቶቹ አጥር ኮንክሪት ይሞላበት የነበረ ጣውላ ነው። «ፉርጎ ምግብ ቤት» አለ፤ «ጣቢያ አልጋ» አለ። ሐዲዱ ላይ ፍየል ይተኛበታል፣ በሁለቱ ብረት መካከል ሴቶች በርበሬ ያሰጡበታል። ልጅ ሲያለቅስ «ዝም በል፣ ባቡሩ ይመጣል» እየተባለ ነው የሚባበለው።

እኔም በጉልምስናዬ የዚያ ሰፈር ሰው ነበርኩ። ተራራው ተበስቶ ዋሻው ሲሠራ ሥራዬ ፊሽካ መንፋት ነበር። ድማሚቱ ከመፈንዳቱ በፊት እነፋለሁ፣ ሰው ሁሉ ይሸሻል፤ አቧራው ሲሰክን ደግሞ እነፋለሁ፣ ሰው ይመለሳል። ይህ ሥራ ነው ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ድንጋይ የሚወርድበት ቦታ ቁሙና ንገሩኝ።

ከሁሉም የምቀርበው ሰይድን ነበር። ሰይድ የዚያው የሐይቅ አካባቢ ልጅ ነው፤ ድንጋይ የሚበሳውን ማሽን ይይዝ ነበር። ማሽኑ ቀን ከቀን ሲጮህበት ጆሮው እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ጭራሽ ተዘጋ። ፊሽካዬን ስለማይሰማ ለእሱ ለብቻው ምልክት ነበረን፤ ከኋላው እሄድና ሄልሜቱን ሁለት ጊዜ አንኳኳለሁ። «የያዝከውን ጥለህ ውጣ» ማለት ነው። አንድም ቀን «ቆይ» ብሎኝ አያውቅም። ቀሪውን በእጅና በከንፈር እንግባባ ነበር። እሱ ራሱ ሲናገር ግን የሚጮኸው ከተራራ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ ነው፤ ሚስጥር ልንገርህ ካለህ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ ማለት ነው።

ሥራው ሲቆም እኔ አኮረፍኩ። ኮምቦልቻ ተመልሼ ወፍጮ ቤት ገባሁ። ስለ ባቡር የሚያወራ ሰው ካጋጠመኝ «ጉልበቴን ለፍየል መኝታ አፍስሼ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ተወኝ» እል ነበር። ሰይድ ግን እዚያው ቀረ። ሳዑዲ ሠርታ የተመለሰች ዘሐራ የምትባል ጎበዝ ሴት አግብቶ ሁለት ልጅ ወለደ። «ባቡሩ ሲጀምር ተሳፍሬ እጠይቅሃለሁ» እያልኩ በሰው እልክበታለሁ። ቀልዱ እኔን ብቻ ነበር የሚያስቀው። እሱ ከልቡ ይጠብቅ ነበር።

ለውጥ መጣ ብለን የጨፈርነው ጭፈራ ገና ከአፋችን ሳይወጣ ጦርነት መጣ። ያን ዓመት ከመስቀል በኋላ፣ ማሽላው ፍሬ ይዞ ሲያጎነብስ፣ ውጊያው ወደ አምባሰል ቀረበ ተባለ። አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ዘሐራ ናት።

«ደምሴ፣ ወንድምዬ፣ ቶሎ ድረስልኝ። ሰይድ እኔን እምቢ ብሎኛል። አንተን ይሰማል።»

ስልኩ ተቋረጠ። ጆሮው የማይሰማውን ሰው «አንተን ይሰማል» ማለቷን ያስተዋልኩት ከተቋረጠ በኋላ ነው።

ለወፍጮ ቤታችን እህል የሚያመላልስ በላይ የሚባል ሹፌር ነበር። እሱም እህቱን ከነልጆቿ ሊያወጣ አይሱዙውን ባዶውን ይዞ ወደ ሐይቅ ሊወጣ ነው። ጋቢና ገባሁ። ደሴን አልፈን ወደ ሐይቅ ስንወርድ መንገዱ የሚመጣ እንጂ የሚሄድ አልነበረውም። ሰው፣ አህያ፣ ባጃጅ፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ ዶሮ ያቀፈ። ሁሉም ያየናል። አንድ ሽማግሌ በመስኮቱ በኩል «እናንተ ሰዎች፣ መንገድ ተሳስታችኋል» አሉን።

ካምፕ ሰፈር ስንደርስ ዘሐራ ጓዟን ጠቅልላ ልጆቿን በሩ ላይ አስቀምጣለች።

«አልሐምዱሊላህ! መጣህልኝ!»

«ሰይድስ?»

«ሥራ ሄደ።»

«የምን ሥራ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሥራ ተጀመረ ብሎ ሄልሜቱን አጥልቆ ነው የወጣ። ወላሂ፣ እንደ ሙሽራ ታጥቦ ነው የወጣ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ቀን ወዲህ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ሰፈሩ ሁሉ መድፍ ነው ይላል። ሰይድ ደግሞ ጫማውን አውልቆ መሬት ላይ ይቆምና «ይሄ ድማሚት ነው፣ በእግሬ አውቀዋለሁ» ይላል። ያን ሰሞን ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች በመኪና መጥተው ሐዲዱን ሲያዩ ውለው ሄደው ነበር። በቃ፣ ዋሻውን ሊያሰፉት ነው፣ ሥራ ተጀመረ ብሎ ቆረጠ።

«ሰው ሲሸሽ አያይም?» አልኳት።

«መንገድ ድረስ በእጁ ጎትቼ አሳየሁት። ምን አለኝ መሰለህ? ‹ድሮም ድማሚት ሲጀመር ሰው ከብቱን እየነዳ ይሸሽ ነበር፤ ኋላ ለመደው› አለኝ።»

ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም። መጀመሪያ ተራራውን ያፈነዳን ዕለት ገበሬው ሁሉ ልጁን አዝሎ ሲሮጥ እኔም አይቻለሁ። ሰይድ አላበደም። የሚያውቀው ነገር ነው ያሳሳተው።

በላይ ከጋቢናው ሳይወርድ «እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የምጠብቀው» አለ። «እህቴን ጭኜ በዚህ በኩል እመለሳለሁ። ያለ ተሳፈረ፣ የሌለ ቀረ።»

ዘሐራ ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ያለ ሰይድ አልወጣም። ልጆቼንም ለብቻቸው አልሰድም። ካመጣኸው እንወጣለን፤ ካላመጣኸው እዚሁ ነን። ሀደራ!»

የሦስት ነፍስ አደራ ጫነችብኝና ሐዲዱን ይዤ ወደ ዋሻው ሄድኩ።

ሩቅ አይደለም፣ ግን ዳገቱ ያደክማል። አልፎ አልፎ ከአምባሰል በኩል ድም የሚል ይሰማል፤ ወዲያው ከእግሬ ሥር ጠጠሩ ይንቀሳቀሳል። እውነት ለመናገር ለእግር ሲሰማ እንደ ድማሚት ነው። ፈርቼ ነበር። ከፍርሃቴ ይልቅ ግን ንዴቴ ይበልጥ ነበር፤ በዚያ ሐዲድ ዳግም አልሄድም ብዬ የማልኩ ሰው ነኝ።

ሰይድ ዋሻው በር ላይ ጎንበስ ብሎ ቁጥቋጦ ያጭዳል። የጎርፍ ቦዩን ጠርጎ፣ ድንጋዩን ለቅሞ ጥግ አስይዞታል። አለቆቹ ሲመጡ ቦታው ጸድቶ እንዲያገኙት ነው። ቀና ብሎ ሲያየኝ ማጭዱን ጣለና ተጠመጠመብኝ።

«ደምሴ! አንተም ሰምተህ መጣህ! አላልኳቸውም! ፊሽካህስ?»

በእጄ መድፍ ሠርቼ አሳየሁት። ወደ ሰሜን ጠቆምኩ። በከንፈሬ «ጦርነት፣ ጦርነት» አልኩት። ሳቀብኝ።

«አንተም እንደ ዘሐራ ሆንክ? ይኸው፣ አሁንም! በእግርህ አይሰማህም?»

ሌላ መላ ስላጣሁ የድሮውን ምልክት ሰጠሁት፤ ሄልሜቱን ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። የያዝከውን ጥለህ ውጣ። ፊቱ እንደ ልጅ በራ።

«አየህ! ገና ሳይቀጥሩህ ሥራህን ጀመርክ!»

አንባቢ ሆይ፣ የማደርገው ጠፋኝ። ጎትቼ እንዳልወስደው ክንዱ የኔን ሁለት እጥፍ ነው። ሐዲዱ ላይ ቁጭ አልኩና ራሴን ያዝኩ።

በዚህ መካከል ከዋሻው ውስጥ አንድ ውሻ ወጣ። ቀጥሎ ፍራሽ በራሱ የተሸከመ ሰው ወጣ፤ ብርሃኑ አስጨንቆት ዓይኑን ጨፈነ። ቀጥሎ አንዲት ሴት፣ ከኋላዋ በአንድ ገመድ የተያያዙ ልጆች። ጨለማው ውስጥ እንዳይጠፋፉ ነው ያሰረቻቸው። ከዚያ ሌሎች፣ ከዚያም ሌሎች። አስፋልቱ ላይ ተኩስ አለ ስለተባለ ከአምባሰል በሐዲዱ የመጡ ናቸው። ማንም አይጮህም፣ ማንም አያለቅስም። ይራመዳሉ ብቻ።

ሰይድ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። ልጆቹ የታሰሩበትን ገመድ ብዙ አየው። ከዚያ ሄልሜቱን አወለቀ።

«ሥራ አይደለም» አለ።

እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አሳዘነኝ። ስንት ዓመት የጠበቀውን ነገር በዓይኔ ፊት ቀበረ። እኔ ግን ለሐዘኑ ጊዜ አልነበረኝም፤ ክንዱን ይዤ በከንፈሬና በእጄ መኪናው፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘሐራ፣ ልጆቹ አልኩት። ገባው። ማጭዱን አንስቶ ሊሄድ ዞረ።

ያኔ አንዲት ወጣት ሴት ከዋሻው እየተንገዳገደች ወጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እናቴ ውስጥ ቀረች» አለች፣ ማናችንንም ሳታይ። «እግሯ እምቢ አላት። አዝዬ አዝዬ አቃተኝ። ሂጂ አለችኝ፣ ሄድኩ። እኔ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?»

ሰይድ ከንፈሯን አንብቧል። ወደ እኔ ዞሮ «ዘሐራ ብቻዋን ትሄዳለች?» አለኝ።

«አትሄድም። ያላንተ አልወጣም ብላለች።»

ፀሐይዋን አየ። ወደ ሰፈሩ አየ። ይህን ሰው ስንት ጊዜ ድንጋይ ሊወርድበት ሲል አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ ሰዓት ጨንቆት ግን አይቼው አላውቅም።

«መብራት አለህ?» አለኝ።

የስልኬን መብራት አበራሁና ተከተልኩት።

ስልኩ ብዙም አልቆየም፤ ባትሪው አለቀና ጨለማ ዋጠን። ሰይድ ግን መራመዱን አላቋረጠም። ግራ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ ይሄዳል፣ እኔ ቀበቶውን ይዤ እከተላለሁ። «እዚህ ጋ ውኃ የፈነዳብን ነው» ይላል በዚያ ድምፁ፤ ዋሻው ተቀብሎ መልሶ ይጮህብናል። «እዚህ ጋ ድንጋዩ ጠንክሮብን የሰነበትንበት ነው።» ከላይ ድም ሲል አቧራ አንገታችን ላይ ይወርዳል። እሱ ቆም ይልና በእጁ ግድግዳውን ይዳብሳል። «አይዞህ፣ አይወድቅም። እኔ ነኝ የበሳሁት።»

ዋሻው ጎን ላይ ሠራተኛ የሚጠጋባቸው ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ እኛ ጓዳ እንላቸው ነበር። ሴትዮዋ እዚያ አንዱ ውስጥ ይሆናሉ ብሎ እየዳበሰ ሄደ። በመጨረሻ እጁ ነጠላ ነካ።

«ማነው?» አሉ በደካማ ድምፅ።

«ልጅዎ ልካን ነው እማማ» አልኩ። «እናውጣዎት።»

«ልጄ ወጥታለች?»

«ወጥታለች። በሩ ላይ ናት።»

«እንግዲያ እኔን ተዉኝ ልጆቼ። እዚህ ይሻለኛል፣ ቀዝቃዛ ነው። የት ልደርስ ነው?»

ሰይድ አልሰማቸውም። አለመስማቱ ጠቀመን። ጎንበስ ብሎ ብድግ አድርጎ አዘላቸው።

«ወይ ጉድ! የማነው ይሄ? የማን ልጅ ነህ?»

«ጆሮው አይሰማም እማማ። ሰይድ ይባላል፤ የሐይቅ ሰው ነው።»

ትንሽ ቆይተው «እመብርሃን ትሸከምህ ሰይዴ» ሲሉ ሰማሁ። እማማ የሺ ይባላሉ፤ ስማቸውን የነገሩኝ እዚያው ጀርባው ላይ ሆነው ነው።

ከዋሻው ስንወጣ ፀሐይዋ ከአናት አልፋለች። ስድስት ሰዓት አልፏል። ቁልቁለቱን አንዴ እሱ አንዴ እኔ እየተቀባበልን፣ ልጅቷ ከኋላ እየተከተለች ወረድን። እኔ በልቤ መኪናው ሄዷል ብያለሁ። ዘሐራን ምን እንደምላት እያሰብኩ ነበር።

ሰፈር ስንደርስ አይሱዙው ቆሟል። ሞተሩ ይሠራል፣ ላዩ ላይ ሰው እንደ ጆንያ ተደርድሯል፣ ሁሉም ይጮሃል። ዘሐራ ከመኪናው ፊት ቆማ አንድ እጇን አፍንጫው ላይ አድርጋለች።

በላይ እኔን ሲያይ ከጋቢናው ዘሎ ወረደ። «ይቺን ሴት ፍታልኝ! በግሸን ማርያም ብላ ይዛኝ ይኸው ቆሜያለሁ!»

ነገሩ ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር አንድ ሰው የምታምንበትን ስም ጠርቶ «ይዤሃለሁ፣ ንቅንቅ እንዳትል» ካለህ፣ እሱው ራሱ እስኪፈታህ አትሄድም። ዘሐራ በራሷ እምነት ብትይዘው በላይ ጥሏት ይሄድ ነበር። እሷ ግን ከክርስቲያን ጋር አብራ ያደገች ናት፤ የእሱን ማርያም ጠርታ ያዘችው። መኪናው ላይ ያለው ሕዝብ «ፍቺው» እያለ ቢለምናት፣ ቢሰድባት ንቅንቅ አላለችም።

ሰይድን ስታይ እጇን አነሳች። «በልዬ፣ ፈትቼሃለሁ። አላህ ይዘንልህ። አሁን ሂድ።»

ሰይድ ልጆቹን አቅፎ ጫናቸው። ዘሐራን ጫነ። ከዚያ እማማ የሺን አንስቶ ከዘሐራ ጎን አስቀመጠ፣ ልጃቸውንም አሳፈራት። ከዚያ በኋላ መቆሚያ አልቀረም። የመኪናውን በር ዘግቶ ወደ ኋላ አለ።

«አንተስ?» አለች ዘሐራ።

«እኛ በሐዲዱ እንመጣለን።»

«አንተን ብዬ አይደል መኪና ያቆምኩ! ስድብ የጠገብኩ!» እንባዋ መጣ። «ያረቢ፣ ይሄ ሰውዬ!»

ሰይድ ከንፈሯን አየ፣ ከዚያ ወደ እማማ የሺ ጠቆመ። ዘሐራ አሮጊቷን አየች፣ የእግራቸውን እብጠት አየች። ነጠላቸውን አስተካከለችላቸው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ዓይኗ ሰይድ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነበር፤ ሁለተኛ አደራ መሆኑ ገባኝ።

ሁለታችን ሐዲዱን ይዘን ወደ ኮምቦልቻ ተጓዝን። አመሻሹ ላይ አንድ ሙሐመድ የሚባሉ ገበሬ አስጠጉን፣ ንፍሮ ሰጡን፣ በጠዋት ተነሳን። መንገድ ላይ ሰይድ ድንገት ቆመ።

«እኔ ጆሮዬን የሰጠሁት ሰው እንዲሸሽበት ነው?» አለ። አለቀሰ።

እዚህ ላይ የሆነውን አሁንም ሳስበው ይገርመኛል። ስንት ዓመት ባቡሩን ስረግም የኖርኩ ሰው፣ ለባቡሩ ጠበቃ ሆኜ ቆምኩ። በእጄም በአፌም ተናገርኩ። ያ ዋሻ ባይኖር ያች ሴት ልጆቿን በገመድ አስራ በየት ታልፍ ነበር? በአስፋልቱ? በተኩሱ ውስጥ? እሱ የገባው ስንቱ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን የራሴን ቃል ያኔ ነው የሰማሁት።

ኮምቦልቻ ደረስን። ዘሐራ ሰይድን ስታይ በሁሉ ሰው ፊት ደረቱን በቡጢ መታችው፣ ከዚያ አቀፈችው። ጥቂት ቆይቶ ጦርነቱ እኛም ዘንድ መጣ፣ አብረን ተሰደድን፣ አብረን ተመለስን። ካምፕ ሰፈር ስንመለስ የሰይድ ቤት ከበሩ በቀር ያልተወሰደበት አልነበረም። በሩን ለምን እንደተዉት አላውቅም። ቤቱን አብሬው ሠራሁ። ወፍጮ ቤቱን ሳልተው፣ በየወሩ ካምፕ ሰፈር ሳልሄድ ቀርቼ አላውቅም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ገጠመኝ ያተረፍኩትን በአጭሩ ልንገራችሁ። የሠራሁት ሥራ ያሰብኩት ቦታ ካልደረሰ ባዶ ቀረ እል ነበር። አሁን እንዲህ አልልም። ሐዲዱ ላይ ዛሬም ፍየል ይተኛል። ይተኛ። ደግሞም ወዳጃችሁን ለመጠየቅ «እንዲህ ሲሆን» የምትል ቀጠሮ ካለቻችሁ ሰርዟትና ዛሬ ሂዱ። «ባቡሩ ሲጀምር» ያልኳት የኔ ቀጠሮ እስካሁን አልደረሰችም።

ባለፈው ዓመት እማማ የሺ አረፉ ሲባል ከሰይድ ጋር ለቅሶ ሄድን። በዋሻው አልፈን በእግራችን ነው የሄድነው። ድንኳኑ ውስጥ ልጃቸው አጠገባችን ተቀመጠችና ወሬ አነሳች።

«እናቴን አፍሬባት ነው የኖርኩ» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች ፈገግ ብላ። «የተጠለልንበት ሁሉ ‹በምን መጣችሁ?› ሲሏት ‹ልጄ በእግሯ መጣች፣ እኔ በባቡር› ትላለች። ‹እማዬ ኧረ ባቡር የለም፣ አትዋሺ› ብላት ትቆጣኛለች። ‹እንዴት የለም? በዋሻው ውስጥ ይዞኝ የወጣው ምንድን ነው?› እያለች ሞተች።»

ሰይድ ፊቷን አላየም ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጎኑን ነካ አድርጌ ያለችውን በእጄ ነገርኩት። እጄን ትኩር ብሎ አየ። «ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት። ከዚያ ያን ድምፁን መቆጣጠር አቅቶት፣ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ ጮኸ፦

«ታዲያ ምን ዋሹ?»